የእሑዱ ልምምድ

ከማናሴ ጋር ከሆሳዕና አብረን ነው የወጣነው። ታንዛኒያ እስር ቤት ውስጥ አንድ ብርድ ልብስ ተካፍለን ተኝተናል። ደቡብ አፍሪካ ከገባን በኋላ እሱ ቶኮዛ፣ እኔ ካትሌሆንግ ስፓዛ የሚሉትን፣ በብረት ፍርግርግ የታጠረ የሰፈር ሱቅ ከፈትን፤ እሑድ እሑድ ጀርሚስተን ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን እንገናኛለን። ሚስቱ አስካለች ሁለቱን ልጆች ይዛ በ2004 ስትመጣ (ዘመኑንም ወሩንም በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ከኤርፖርት የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ፤ ማናሴ ያን ቀን ሱቁ ተዘርፎ ፖሊስ ጣቢያ ነበር። ትልቁ ምሕረቱ አሥር ዓመቱ፣ ኤርጎጌ ስድስት። ስለዚህ የኤርጎጌን ነገር የማወራው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። ያላየሁትን ደግሞ ራሷ ነግራኛለች።

ኤርጎጌ የአይስ ሆኪ ተጫዋች ነበረች። ይህን ስል ከአገር ቤት የሚደውሉልኝ ሰዎች ሁለት ጊዜ ያስደግሙኛል። ለእኛ በረዶ ማለት ከሰማይ ወርዶ የደረሰ እህል የሚያጠፋ ነገር ነው፤ ሰው ጫማው ሥር ስለት አድርጎ በላዩ ይሮጣል፣ በዱላ ጥቁር የጎማ ክብ እየመታ ጎል ያገባል ብትላቸው ማን ያምናል? እዚህ ግን በገበያ አዳራሽ ውስጥ ክረምት ከበጋ የማይቀልጥ የበረዶ ሜዳ አለ። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ አንድ የክፍሏ ልጅ ልደቱን እዚያ አከበረ። ሌሎቹ ልጆች ወድቀው ሲያለቅሱ እሷ እየወደቀች ትነሳ ነበር አሉ። ካሪን የምትባል አሠልጣኝ አየቻትና የአባቷን ስልክ ጠየቀች።

ግብ ጠባቂነትን መርጣ አልገባችበትም። የሌሎቹን ተጫዋቾች ዕቃ ወላጅ ይገዛል፤ የግብ ጠባቂው ግን የክለቡ ነው፣ በውሰት ይሰጣል። ማናሴ «በነጻ የሚሰጠው የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ፣ ካሪን ያንን አሳየችው፣ ኤርጎጌም በዚያው ቀረች። ማለዳ ወደ ጅምላ መደብር ዕቃ ለመጫን ሲሄድ ባኪ በሚሏት ፒክአፕ መኪናው አሳፍሯት ይወጣል፤ እሷ ስትለማመድ እሱ ጃኬቱን ደርቦ ሜዳውን ከከበበው መስተዋት ጀርባ ቆሞ ያያታል፣ ከዚያ ትምህርት ቤት አድርሷት ሱቁን ይከፍታል። ዝናብ ቢሆን፣ አመመኝ ቢል፣ አንድም ቀን አላስቀራትም።

አስካለች አልወደደችውም። «ሌሎች ልጆች መዝሙር ያጠናሉ፣ የእኔ ልጅ ዱላ ይዛ ትዋላለች» ትል ነበር። ቤተ ክርስቲያንም ተወራ። አንድ ሽማግሌ ማናሴን «ወንድሜ፣ ሴት ልጅህን ታስደበድባለህ አሉ» ሲለው አጠገቡ ነበርኩ። ማናሴ ሳቀ። «እኔስ ቀኑን ሙሉ በብረት ፍርግርግ ውስጥ አይደል የምውለው? እሷም ፊቷ ላይ ፍርግርግ አላት። ልዩነቱ፣ እሷን ሲመቷት ይጨበጨብላታል።»

አንድ ጊዜ እኔንም ይዞኝ ሄደ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ያ ጎማ ሲተኮስ ዓይን አይከተለውም፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። ሰው ከሚመጣበት ነገር ይሸሻል፤ እሷ ግን ወደሚመጣው ነገር ትወጣለች። በጉልበቷ፣ በደረቷ፣ አንዴም በአንገቷ መለሰችው። ስትወጣ አንገቷ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ነበር። «አያምም?» አልኳት። «ጎል ሲገባ ነው የሚያመው ጋሽ አቢሶ» አለችኝ።

ለደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድን ልትጫወት አልቻለችም፤ ወረቀቷ የስደተኛ ነው። በ2018 ግን ከስሎቫኪያ አንድ አሠልጣኝ መጥቶ ለሴቶቹ የሁለት ሳምንት ሥልጠና ሰጠ፤ እሷን አይቶ ለክለቡ ጻፈ። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ለማውጣት አንድ ዓመት ፈጀባት። በ2019 መስከረም ሃያ አንድ ዓመቷ ሳለ ሄደች። ቤት ሰጧት፣ ደመወዝ ቆረጡላት። በረዶ ላይ ቆማ ደመወዝ የሚከፈላት የሆሳዕና ልጅ! ማናሴ ጨዋታዋን በስልኩ እያየ ባንኮኒው ላይ ይቆማል፤ ደንበኛ «ማይ ፍሬንድ፣ ዳቦ!» ብሎ ሲጮህ «ቆይ፣ ልጄ ግብ ላይ ናት» ይላል። ጎጎ ኖምሳ የምትባል ጎረቤቱ አሮጊት ሳትቀር ፕላስቲክ ወንበር አምጥታ አብራው ታይ ነበር። በዚያ ዓመት አሥራ አራት ጨዋታ ቆመች።

ከዚያ ኮሮና መጣ። በ2020 መጋቢት ውድድሩ ተቋርጦ ተጫዋቹ ሁሉ ወደየአገሩ ተበተነ፤ ኤርጎጌም ሎክዳውን ሊታወጅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጆሃንስበርግ ገባች። በነሐሴ ትመለሳለች ተብሎ ነበር። ድንበሩ ተዘጋ፣ የጉዞ ሰነዷ ጊዜው አለፈ፣ የሚያድሰው ቢሮ በሩን ዘጋ። ክለቡ ሌላ ግብ ጠባቂ ቀጠረ። እሷ አንድ ዓመት ሙሉ ከአባቷና ከወንድሟ ጋር ቶኮዛ ሱቅ ዋለች። ምሽት ላይ ጀርሚስተን ባለው ቤታቸው ኮሪደር ውስጥ ምሕረቱ የቴኒስ ኳስ ግድግዳ ላይ እያነጠረ ይወረውርላታል፣ እሷ ትይዛለች። ያኔ ወንድምና እህት በጣም ይዋደዱ ነበር። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

በ2021 ግንቦት የክለቡ ደብዳቤ በኢሜይል ደረሰ። ያቺ የቀጠሯት ልጅ ጉልበቷ ተሰብሯል፤ ኤርጎጌ ብቃቷን ካልጣለች ትምጣ፣ በረዶ ላይ ሆና የተቀረጸ ቪዲዮ እስከ ሰኔ መጨረሻ ትላክ ይላል። እንዳጋጣሚ የጉዞ ሰነዷም በኢንተርኔት አመልክታ ታድሶላት ነበር። ማናሴ ደብዳቤውን ለሁላችንም አነበበልን። አስካለች ግን «በሽታው ከተማውን እየበላ ነው፣ የትም አትሄድም» አለች። እውነቷን ነበር። ሰኔ ላይ ሦስተኛው ማዕበል ገብቶ በየቀኑ የሰው ሞት እንሰማ ነበር። ቤተ ክርስቲያንም የምንገባው በወረፋ፣ ጥቂት ጥቂት ሆነን ነው።

ሰኔ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት ካሪን ስድስት ልጆች ሰብስባ በረዶው ላይ አስገባቻቸው፤ ኤርጎጌ ከረጅም ጊዜ በኋላ ስለሆነ እጅና እግሯ አልታዘዝ አላት። ቪዲዮው ለእሑድ ተቀጠረ። ቅዳሜ ጉሮሮዋን ከረከራት።

ይህን ነው ለረጅም ጊዜ ለማንም ያልነገረችው። ከረከራት፤ ምን እንደሆነም ጠርጥራለች። ሙቅ ውሃ በማር ጠጣች፤ ማታ ስትተኛ ሳሏ እንዳይሰማ ፎጣ አፏ ላይ አድርጋ ነበር። «አንድ ቀን ብቻ፣» አለች ለራሷ፣ «እሑድን ልለፍና ሰኞ እመረመራለሁ።»

እሑድ ወረፋቸው ስላልነበረ ማናሴ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። ባኪውን አስነስቶ ይዟት ወጣ። የሰኔ ብርድ ነው፤ መስኮቱ ተዘግቶ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ከሻይ ፔርሙሱ በክዳኑ ቀድታ ጠጣች፤ በዚያው ክዳን እሱም ጠጣ። ሜዳው ሲደርሱ እንደ ድሮው መስተዋቱ ጀርባ አልቆመም፤ ምስሉ ጥርት እንዲል ብሎ ወደ ተጫዋቾቹ አግዳሚ ወንበር ገባና ስልኩን ይዞ ቀረጻት። ልምምዱ ጥሩ ሆነላት። ሠላሳ ያህል ተተኩሶባት ሦስት ብቻ ገባ። እየተመለሱ ሳሉ ቪዲዮውን ላከችው። በዚያው ምሽት መንግሥት እንደገና ሁሉን ዘጋ።

ሰኞ ተመረመረች፤ ኮሮና ነው። ክፍሏ ውስጥ ተዘጋች። ረቡዕ ማናሴን ራስ ምታት ያዘው፣ ሐሙስ ትኩሳት። ሐምሌ የመጀመሪያው ቀን ነበር፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች የክትባት ምዝገባ የተከፈተበት ቀን። ማናሴ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ምሕረቱ በስልኩ መዘገበው።

ከቤተ ክርስቲያናችን ዶክተር ፍሬገነት የምትባል ሐኪም አለች፤ በመንግሥት ሆስፒታል ትሠራለች። ጣት ላይ የሚገባውን የኦክስጅን መለኪያ ሰጠችንና በየቀኑ ቁጥሩን በስልክ ትጠይቅ ነበር። በሳምንቱ አርብ ቁጥሩ ወረደ። እኔና ምሕረቱ ሆስፒታል ወሰድነው። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ በድንኳኑ ውስጥ ሰው በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኦክስጅን ይጠብቃል። ስምንት ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። አጠገቡ ያለው ሰውዬ እንደተቀመጠ ሞተ፤ ማናሴ አየው። «አቢሶ፣ ቤቴ ውሰደኝ» አለኝ። ለዶክተር ፍሬገነት ደወልኩላት፤ «እኔ ጋም አልጋ የለም፤ ቤት ሆኖ ኦክስጅን ካገኛችሁለት ይሻላል» አለች። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተሯሩጠው አንድ ኦክስጅን የሚያመነጭ ማሽንና ሁለት የኦክስጅን ሲሊንደር አገኙ።

ኤርጎጌ በዚያ ጊዜ ድና ከክፍሏ ወጥታለች። ዶክተሯ በሆዱ ይተኛ፣ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ ብላ አዛለች። አስካለች አቅም የላትም፤ ማናሴ ትልቅ ሰው ነው። ኤርጎጌ ነበረች የምታገላብጠው። ክንዷን በብብቱ ሥር አስገብታ፣ ጉልበቷን አልጋው ላይ ተክላ፣ ሳታናውጠው ታዞረው ነበር። አንድ ጊዜ ዓይኑን ገልጦ «መለሱልሽ?» አላት። የክለቡን መልስ ማለቱ ነው። «ገና ነው አባ» አለችው። «ይመልሳሉ» አለ።

ሰኞ፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት በመታሰሩ የተነሳው ሁከት ጆሃንስበርግን አጥለቀለቀ። ምን እንደነበር የማያስታውስ የለም፤ የገበያ አዳራሾች ተሰባብረው ተዘረፉ፣ መንገዱ በሚቃጠል ጎማ ተዘጋ። ቶኮዛ ያሉ የእኛ ሰዎች ሱቃቸውን ሊጠብቁ ተሰበሰቡ፤ ምሕረቱም ሄደ። «ይህ ሱቅ ከጠፋ አባ ሲነሳ ምን እለዋለሁ?» አለ። ማክሰኞ ጠዋት ሲሊንደሩ ሊያልቅ ተቃረበ። ማሽኑ ብቻውን አልበቃ አለው። የሚያመጣልን ኩባንያ ሹፌሮቹ መውጣት ፈርተዋል፣ ራሳችሁ ኑና ውሰዱ አለ። ከእናቷ ጋር ሌላ ሰው አስቀምጠን እኔና ኤርጎጌ በእኔ ባኪ ወጣን።

ሁለት መንገድ ነበር። እኔ አጭሩን መረጥኩ። አንድ ድልድይ ሥር ስንደርስ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ፣ ሰዎች ፍሪጅና ቴሌቪዥን ተሸክመው ይሻገራሉ። ኤርጎጌ ወርዳ በዙሉኛ ለመነቻቸው። «አባቴ ትንፋሽ አጥሮታል፣ ኦክስጅን ልናመጣ ነው» አለቻቸው። አንዱ አዝኖ ድንጋይ ማንሳት ጀመረ፤ ሌሎቹ ጮሁበት፣ ተወው። ዞረን በሌላው መንገድ ሄድን። ሲሊንደሩን አግኝተን ጀርሚስተን ስንገባ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። አስካለች በሩ ላይ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። «ከባድ ነው፣ አታውርዱት» አለችን።

በመጀመሪያ በረጅሙ መንገድ ብሄድ ኖሮ እንደርስ እንደሆን አላውቅም። ስንት ጊዜ አስልቼዋለሁ።

ምሕረቱ ሲደወልለት ሱቁ በር ላይ ነበር። ሱቁን ማንም አልነካውም። ጎጎ ኖምሳ ያቺን ፕላስቲክ ወንበሯን አምጥታ መግቢያው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች አልፈዋት ሊገቡ አልደፈሩም። ምሕረቱ ሁለት ቀን ሙሉ የጠበቀው ዘረፋ አልመጣም፤ አባቱም እሱ ሳይኖር ሞተ።

እዚህ አገር ሰው ሲሞትብን ሬሳውን ወደ አገር ቤት መላክ የማኅበራችን ትልቁ ሥራ ነው። ያን የሚያስተባብረው ማናሴ ነበር፤ ስንቱን ሸኝቷል። እሱን ግን መሸኘት አልቻልንም። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች አውርደውት፣ እኛ ራቅ ብለን ቆመን፣ እዚሁ ጀርሚስተን ተቀበረ። ፓስተሩ አጭር ጸሎት አደረገ፤ ከኋላችን ሌላ ቀብር ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ቀን የማናሴ ስልክ ላይ መልእክት ገባ፤ ለክትባት ይምጡ ይላል።

የክለቡ መልስም በዚያው ሳምንት ደረሰ። ቪዲዮውን ወደውታል፤ በነሐሴ ትምጣ። ኤርጎጌ ሦስት ሳምንት መልስ ሳትጽፍላቸው ቆየች። በመጨረሻ አስካለች ስልኳን አይታ «ምንድን ነው የምትጠብቂው? ሂጂ» አለቻት። ያቺ «የትም አትሄድም» ያለች ሴት። ኤርጎጌ ሻንጣዋን ስታወጣ ምሕረቱ በሩን ተደግፎ «እንግዲህ አባ ለዚህ ነው የሞተው» አላት። በሽታው ከእሑዱ ልምምድ እንደመጣ ገምቷል፤ ስለ ቅዳሜው ግን አያውቅም።

እዚያ ምን እንደሆነ በአጭሩ ነገረችኝ። አምስት ጨዋታ ቆመች። ትንፋሿ ይቆረጥባት ነበር፤ ሐኪም ሳንባዋን አይቶ ጊዜ ስጪው አላት። እሷ ግን «ሳንባዬ ብቻ አልነበረም ጋሽ አቢሶ» አለችኝ። «ጎማው ሲመጣ አየዋለሁ። ድሮ እጄ ሳላዝዘው ይሄድ ነበር። አሁን አየዋለሁ፣ እጄ ግን ይቆማል።» በአንድ ጨዋታ ዘጠኝ ገባባት። አሠልጣኙ ደግ ሰው ነበር፤ አልጮኸባትም፣ ግን ከዚያ በኋላ አላሰለፋትም። ኅዳር ላይ አዲሱ የኮሮና ዓይነት ደቡብ አፍሪካ ተገኘ ተብሎ በረራ ሲዘጋ የቡድኑ ልጆች ካንቲን ውስጥ ከእሷ ራቅ ብለው መቀመጥ ጀመሩ። ጥር ላይ ውሏ ፈረሰ። በሃያ ሦስት ዓመቷ የአይስ ሆኪ ሥራዋ አለቀ። ዕቃዋን እዚያው ትታ መጣች።

በመጣች በሳምንቱ ከእናቷ ጋር ጎመን ሲቀነጥሱ ነገረቻት። ቅዳሜ ጉሮሮዋ እንደከረከራት፣ እንዳወቀች፣ ዝም እንዳለች፣ በአንድ ክዳን ሻይ እንደጠጡ፣ ሁሉን። አስካለች ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ፎጣ አፍሽ ላይ አድርገሽ ስትስዪ ሰምቻለሁ። ግድግዳው ስስ ነው።»

«እማ! ታዲያ ለምን አልከለከልሽኝም?»

«እንድትሄጂ ፈልጌ ነበር» አለች አስካለች። «በአፌ አትሂጂ እላለሁ። ውስጤ ግን ትሂድ፣ ከዚህ ፍርግርግ ትውጣ፣ እንደ አባቷ በሽጉጥ እየተዘረፈች አትኑር ይል ነበር። ሳሉን ሰማሁና ጌታ ሆይ አሳልፈው ብዬ ተኛሁ። ጠዋት አባትሽ ሲወጣ ጃኬቱን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ጎመኑን ጨረሱት።

ለምሕረቱም ነገረችው፤ የራሷን ብቻ፣ የእናቷን አልጨመረችም። እኔ ባልነግረው ይሻላል ብያት ነበር፤ አልሰማችኝም። ሱቁ ውስጥ ነበሩ። አዳመጣት፣ መጋረጃውን ዘጋ፣ የሱቁን ቁልፍ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። በማግሥቱ ራስተንበርግ የሚኖር ጓደኛው ጋ ሄደ። አልሰደባትም። ብትሰደብ ይሻላት ነበር።

ስለዚህ አስካለች የፈራችው ደረሰ። ከ2022 መጋቢት ጀምሮ ቶኮዛ ያለውን ሱቅ ብቻዋን የምትይዘው ኤርጎጌ ናት። ካሪን ሁለት ጊዜ መጥታ ልጆች አሠልጥኚልኝ ብላ ለመነቻት። «ሜዳው ሲሸተኝ አባቴ ይመጣብኛል» አለቻት፤ ካሪን ሌላ አልጠየቀችም። በግንቦት ሁለት ሰዎች ሽጉጥ ይዘው ገቡ። ካዝናውን ሰጠቻቸው። ከሄዱ በኋላ ጎጎ ኖምሳ ሮጣ ስትመጣ ኤርጎጌ ቆማ ዳቦ ትደረድር ነበር፤ አሮጊቷ ይህን ስትነግረኝ «ያቺ ልጅ መፍራት ትታለች፣ ይህ ጥሩ አይደለም» አለችኝ።

በሐምሌ ለማናሴ ሙት ዓመት መቃብሩ ላይ ተሰበሰብን። ድንጋይ ቆሞለታል። ምሕረቱ ከራስተንበርግ መጣ፤ እናቱን አቅፎ አለቀሰ፣ እኔን ጨበጠኝ፣ ከመቃብሩ ማዶ ሄዶ ቆመ። ፓስተሩ ጨርሶ ሰው ሲበተን ወደ እህቱ መጣ።

«ሱቁን ማን ያዘልሽ?» አላት።

«ዘግቼው ነው የመጣሁት።»

«ቅዳሜ አይዘጋም። ደንበኛ ሌላ ጋ ይሄዳል።»

«አውቃለሁ።»

«የኋላውን በር ብረት አሠርተሽዋል?»

«አላሠራሁትም።»

«አሠሪው» አለና ወደ ታክሲ መሳፈሪያው ሄደ። አስካለች ልትጠራው ስትል ኤርጎጌ ክንዷን ያዘቻት። እኔ ሁለቱንም ባኪዬ ላይ አሳፍሬ መጀመሪያ እናትየውን ቤት፣ ከዚያ ልጅቷን ቶኮዛ አደረስኩ። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ወርዳ መቆለፊያውን ከፈተች።